«ጋሻ» የሚል ቃል ይዤ ወደ ጅማና ደዶ

ይህን የምጽፈው ጅማን ሄደው ለማያዩ ሰዎች ነው። የምታዩማ ሄዳችሁ እዩ እንጂ የኔ ወሬ ምን ያደርግላችኋል! አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ከውጭ አገር ጋዜጦች ወሬ እየተረጎምኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። አሜሪካና ሩሲያ አንዱ የሌላውን ሚሳይል ገና ሰማይ ላይ ሳለ በሌላ ሚሳይል መትቶ ለመጣል የሚደክምበትን ነገር በእኛ ጋዜጣ «የሰማይ ጋሻ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ቃል ስል ከአለቃዬ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፈናል። እሱ «ፀረ ሚሳይል ሚሳይል ይባል» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ይህን የሚያነብ ሰው ምላሱ አይተሳሰርም ወይ?» ብዬ ድርቅ አልኩ። በመጨረሻ አሸነፍኩ። ባላሸንፍ ይሻል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ደዶ ስንደርስ ታያላችሁ።

የጉዞው ምክንያት ተስፋዬ ነው። አብረን የተማርን ወዳጄ ነው፤ ጅማ ሳይንስ ያስተምራል። «ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ ወዲህ ተማሪዎቼ በጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ፤ መጥተህ ስለ ሰማይ ጋሻህ ንገራቸው፤ ከዚያ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ደዶ ወስጄ ቡና ዛፉ ላይ እንዳለ አሳይሃለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። የሳበችኝ ይህች የመጨረሻዋ ናት። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ቡና እጠጣለሁ፤ ዛፉን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

አንደኛ ቀን፤ ከአዲስ አበባ ጅማ

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ማለዳ መርካቶ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። የደረሰኝ ወንበር ጎማው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የመንገዱን እያንዳንዷን ድንጋይ በስሟ ያውቃታል። በእጄ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ ይዣለሁ፤ ውስጡ ሚሳይል ሚሳይልን ሲመታ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተጠቅልሎ አለ። ራሴ ነኝ የሣልኩት። የሥዕል እጅ የለኝም፤ ሚሳይሎቹ ዓሣ ይመስላሉ።

ወልቂጤ ላይ አውቶቡሱ ሞላ። መስቀልን አገራቸው በልተው ወደ ጅማ ሱቃቸው የሚመለሱ ጉራጌ ነጋዴዎች ናቸው። አቶ ዘርጋ የሚባሉ ፊታቸው የሚስቅ ሰው አጠገቤ ተቀመጡና ወዲያው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ጉልበቴ ላይ ዘረጉ። አዲስ አበባ ቢሆን አብሮህ የተሳፈረ ሰው መጀመሪያ ኪስህን፣ ቀጥሎ ፊትህን ነው የሚያይ። እሳቸው ግን ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «በላ፣ በላ፣ ግቤ በባዶ ሆድ አይወረድም» አሉኝ። አይቡን በቆጮው እየጠቀለልኩ ሥራዬን ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ቢስትስ?» አሉ።

«አይስትም» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

«ሞክረኸዋል?»

«እኔ እንኳ አልሞከርኩም፤ ጋዜጣ ላይ ነው ያነበብኩት።»

«ይሁን» ብለው ሌላ ቆጮ ቆረሱልኝ።

የግቤ ቁልቁለት እንዲያው ዝም ነው! ከደጋው ብርድ ወርደህ ወርደህ እቶን ውስጥ ትገባለህ። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ፈላ። ሾፌሩ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃ ሲያጣ ዓይኑ የኔ ቱቦ ላይ አረፈ። «ጌታው፣ ይቺን ቆርቆሮ አንዴ ያውሱኝ።» እምቢ ልል ነበር፤ አርባ ሰው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እያየኝ እንዴት ብዬ! ሥዕሌን አወጣሁና ሰጠሁ። በሰማይ ጋሻ ማኅደር ከግቤ ውሃ እየተቀዳ ሞተሩ በረደ። ቱቦው ግን እስከ ዛሬ ጭቃ ጭቃ ይሸታል።

ጅማ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ተስፋዬ ጠብቆ ጠብቆ፣ አውቶቡሱ ግቤ ያድራል ሲባል ሄዷል። ሆቴል ልፈልግ ስል አቶ ዘርጋ ተቆጡ፤ የምር ተቆጡ። «ቆጮዬን በልተህ ሆቴል?» በቾ ቦሬ ሰፈር እስካለው ሱቃቸው ድረስ ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱኝ፤ ባለቤታቸው እግሬን በሞቀ ውሃ ካላጠብኩ አሉ፤ ከጨውና ከሳሙና ክምር መሃል አልጋ ተዘረጋልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን ሰው ሐሳብም አይሰማም። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ግን አዲስ አበባ ተኝቼ አላውቅም።

ሁለተኛ ቀን፤ ጅማ

ጠዋት አዛኑም ቅዳሴውም አንድ ላይ ቀሰቀሱኝ። ተስፋዬ መድረሴን ሰምቶ እየሮጠ መጣና አቅፎ ሳመኝ፤ ከዚያ አቶ ዘርጋን «እንግዳዬን ሰረቁኝ» ብሎ ከሰሳቸው። ከበቾ ቦሬ እስከ ትምህርት ቤቱ ብንሮጥ ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ ሰላምታው ነው የፈጀው። እዚህ ሰው «አካም ቡልታን» ብሎ በኦሮምኛ ይጀምርልሃል፣ ቤተሰብህን በአማርኛ ይጠይቅሃል፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ረስቶ እንደገና ይጀምራል። ወሬው በሦስት ቋንቋ ሲመላለስ ማንም ግራ አይጋባም። ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ንግግሬን አደረግሁ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የተማሪ ወላጆች ሳይቀሩ መጥተዋል። የተሸበሸበውን ሥዕሌን ሰቅዬ፣ የሚመጣው ሚሳይል በራዳር እንደሚታይ፣ የመከላከያው ሚሳይል እንደሚነሣና ሰማይ ላይ እንደሚገናኙ አስረዳሁ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተናገርኩ። ባለፈው ግንቦት ሁለቱ መንግሥታት ይህን ጋሻ ለመገደብ እንደተፈራረሙም ነገርኳቸው፤ ለምን ጋሻ እንደሚገደብ ግን ለራሴም በቅጡ አልገባኝም ነበርና በዚያ በኩል ቶሎ አለፍኩ።

ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጄ፣ ረመዳን ሊገባ ነው። እኛ ጨረቃን በዓይናችን አይተን ነው ጾም የምንይዝ። ወታደር ሰማይ ላይ ከሰፈረ፣ ጨረቃን ለማየት ከማን ነው ፈቃድ የምንጠይቅ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ስቄ፣ ጨረቃ ላይ የጦር ሰፈር ላይሠሩ፣ የአቶም ቦምብም ሰማይ ላይ ላያኖሩ በወረቀት ተዋውለዋል ስላቸው፣ «ወረቀቱንስ ማን ይጠብቀዋል?» አሉና ተቀመጡ። እሳቸው አልሳቁም።

ማታ ተስፋዬ ቤት ራት ስንበላ ደዶ የሚያስተናግደኝን ሰው ነገረኝ። አባ መጫ ይባላሉ። ተስፋዬ መጀመሪያ ደዶ ሲመደብ ሁለት ዓመት ቤታቸው ኖሯል፤ እንደ ልጃቸው ነው። «ደብዳቤ ልኬላቸዋለሁ» አለ። «ማንበብ አይችሉም፤ ገበያ የሚያነብላቸው ሰው አለ።» ምን ብለህ ጻፍክ ብዬ አልጠየቅሁትም። ምነው በጠየቅሁት!

ሦስተኛ ቀን፤ ደዶ

ወደ ደዶ የሚወጣው መንገድ መንገድ አይባልም፤ ጭቃ ነው፣ ዳገት የወጣ ጭቃ። የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ሁለት ጊዜ ተቀረቀረና ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ አንዲት ገበያ የምትሄድ ሴት በዱላዋ ጎትታ አወጣችልኝ፤ አጥባም ሰጠችኝ። አገሩ ግን ውብ ነው። የመስቀል አበባው እንጦጦ ላይ እንደምናየው ችፍ ችፍ ያለ አይደለም፤ ሜዳውን ሙሉ ተኝቶበታል።

ገበያው መሃል ስንወርድ ሰው ሁሉ ተነሣ። ቆቡን ያወለቀ አለ፤ እጅ የነሣ አለ። አንድ ሰው አንድ ቅል ማር አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና ዋጋ ስጠይቀው ወደ ኋላው እየሄደ ጠፋ። ሁሉም ቱቦዬን ያያሉ፤ ቀስ ብለው ይንሾካሾካሉ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። «ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሷል» አልኩት ተስፋዬን። እሱ ግን ፊቱ ተከፋ። «ምን ሆነዋል? እኔን እንኳ የሚስመኝ ጠፋ» አለ።

ከከተማው በእግር ቁልቁል ወርደን አባ መጫ ቤት ደረስን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ከደጃቸው ብዙ ርቀው መጥተው ተቀበሉን። እኔን «ጌታዬ፣ እንደምን ገቡ» ብለው ለጥ ብለው እጅ ነሱኝ፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው! ተስፋዬን ግን እንደማያውቁት ሰው አለፉት። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ገንፎ በቅቤና በማር አቀረቡ፤ ዶሮ ታርዷል፣ ወተት ተቀድቷል። ማንም ግን አይበላም፤ እኔ ስጎርስ ያዩኛል። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱ ወሬ ያበዛል። እዚህ ቤት ግን ዝም ብለው ነበር፤ እኔም የአገሩ ጨዋነት መስሎኝ በልቼ ጠገብኩ።

ከምሳ በኋላ ቡናውን እንየው አልኩ። አባ መጫ አንገታቸውን ደፍተው መሩን። ታች ወንዙ ዳር ስንደርስ ልጃቸው ሻፊ፣ ሦስት ልጆች የወለደ ጎልማሳ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ቡና ይለቅማል። ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ይጨምቁታል። ፍሬው እንደ አተር አረንጓዴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት ነገር ይኸው! ልቤ በደስታ ሞላ።

«እንዴት ያምራል!» ብዬ ጮህኩ። «አይ አባ መጫ፣ ምን ያለ ትጋት ነው! በርቱ፣ በርቱ!»

ሁሉም እጃቸው ባለበት ቆመ። ተስፋዬ አንዱን ቅርንጫፍ ሳብ አድርጎ አየ።

«አረንጓዴውን?» አለ። «አባ መጫ፣ ቡናው እኮ አልቀላም! ገና ከወር በላይ ይቀረዋል። ምን ሆናችሁ ነው?»

አባ መጫ መልሱን ለኔ ነው የሰጡት፣ ለተስፋዬ አይደለም። «ጌታዬ፣ ጎተራ የገባ የኔ ነው፤ ዛፍ ላይ የቀረ የጋሻ ነው። ሳይለኩ እንቅደም ብለን ነው። ጥፋት ከሆነ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ይማሩን።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ የሁሉም ዓይን ቱቦዬ ላይ እንዳለ አየሁ፤ የቀያሽ ዕቃ ነው የመሰላቸው። አገሬው ስለ መሬት ካልሆነ «ጋሻ» የሚለውን ቃል ከአማርኛ ተናጋሪ ሰምቶ አያውቅም፤ መሬቱ በቀላድ ገመድ ተለክቶ ይህን ያህል ጋሻ ነው፣ ይህ ትርፍ ነው ተብሎ ለሌላ የሚሰጥበት ጋሻ ነው። ተስፋዬ የጻፈው ደብዳቤ ገበያ ላይ በጩኸት የተነበበው እንዲህ ነበር፦ «ስለ ጋሻ የሚያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ ይዤ እመጣለሁ፤ ማሳዎን ማየት ይፈልጋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባ መጫ» አልኩ፣ «እኔ ጋሻ የምለው ጦር የሚመከትበትን ነው! ወታደር በግራ እጁ የሚይዘውን፣ የቆዳውን!» ቱቦውን ከፍቼ ዓሣ የሚመስሉትን ሚሳይሎች ዘረጋሁላቸው።

ብዙ አዩት። «ጋቸና?» አሉ በመጨረሻ።

«በኦሮምኛ እንደዚያ ከተባለ፣ አዎ፣ ጋቸና!»

«ታዲያ ጋቸና ብትሉ ምን ነበረበት?» አሉ። «ጋቸና ብትሉ ኖሮ አንዲት ፍሬ አንነካም ነበር።»

ሣሩ ላይ ቁጭ አሉና ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ሻፊም ሳቀ፣ ጎረቤቶቹም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም ቅርጫቱን አየ። የወንዝ ዳሩ ቡና፣ የአባ መጫ አባት የተከሉት፣ ባዶውን ቆሟል፤ የቀረው ከቤቱ በላይ ያለው ማሳ ብቻ ነው። ያ አረንጓዴ ፍሬ ደርቆ ቢሸጥ የሚገዛው የለም፤ ቢጠጣም ቡና ቡና አይልም። እኔ ደግሞ «በርቱ» ብያለሁ! አልቅሼ ነበር፤ ምን ይደበቃል!

አባ መጫ ተነሥተው ተስፋዬን አንገቱን አቀፉት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሸጠኸኛል ብዬ ነበር። አስተግፊሩላህ። ሁለት ዓመት ያጎረስኩት ልጅ ሸጠኝ እያልኩ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም።»

እትዬ ዘይነብ ከኋላ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ባላቸው ላይ ወረዱባቸው። «ደብዳቤው ሁለተኛ ይነበብ አላልኩም? ሴት ምን ታውቃለች ብለህ!» ወደኔ ዞሩና፣ «አንተም ብትሆን፣ ገንፎውን ብቻህን ስትውጠው ምነው ብለህ አትጠይቅም?» አሉኝ። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የወረድኩት ያን ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ አባ መጫም አንተ አሉኝ። ሹመት ተገፎ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ራቱን ሁላችንም አንድ ላይ በላን።

አራተኛ ቀን፤ እዚያው አባ መጫ ቤት

ጠዋት አባ መጫ ከበቆሎው ማሳ ጫፍ ካለው ማማ ሥር በርጩማ አስቀመጡልኝና፣ «በል እንግዲህ፣ ያስለቀመኝን ጋሻ አስረዳኝ። በከንቱማ አልከስርም» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔም አስረዳሁ፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው የተወረወረውን ሰማይ ላይ ይመታዋል።

«በወንጭፍ ይሞከራላ!» አለ ሻፊ። ዝንጀሮና ጦጣ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው፤ ማማው ላይ ቆሞ ያነጣጠረውን ቅጠል ያረግፋል ይሉታል። አንዱ ጎረቤት ከማሳው ወዲያ ማዶ ቆሞ የጭቃ ድቡልቡል በወንጭፍ ወደ ላይ ሊልክ፣ ሻፊ ደግሞ ሊመታው ተስማሙ። መጀመሪያ ሳተ። ቀጥሎም ሳተ። ወርዋሪው «አሁን ለቀቅሁ!» እያለ ሲነግረውና ሁልጊዜ በዚያው መስመር ሲልክ ግን፣ ብዙ ሞክሮ አንዷን አየር ላይ በተናት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ብድግ አልኩ። «አያችሁ! ይሠራል!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ራሴ የመታሁት ያህል ኩራት ተሰማኝ።

አባ መጫ ተነሥተው ከሻፊ ፊት ለፊት ጥቂት ራቅ ብለው ቆሙ። ዝቅ ብለው ጠጠር፣ ጓል፣ ደረቅ እበት ሳይቀር በእፍኛቸው ሙሉ አነሡ።

«ሻፊ! ከዚህ ውስጥ አንዱ ድንጋይ ነው። እሱን ምታ!» ብለው ሁሉንም አንድ ላይ በተኑት።

ሻፊ ወንጭፉን አንድ ጊዜ አዞረና አልለቀቀም። ምኑን ይልቀቅ? ጓሉም ጠጠሩም እላዩ ላይ ዘነበ። ራሱን በእጁ ሸፍኖ ሲሮጥ ሰው በሳቅ ሞተ።

«አሜሪካና ሩሲያ ይህን አያውቁም?» አሉ አባ መጫ ተመልሰው ሲቀመጡ።

«ያውቃሉ» አልኩ። የውሸት ሚሳይል ከእውነተኛው ጋር አብሮ ሊላክ እንደሚችል የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ፤ ጽሑፋቸውን ራሴ አንብቤያለሁ፤ አሰልቺ ነው ብዬ ከትርጉሙ ያስቀረሁትም ራሴ ነኝ። ይህንንም ነገርኳቸው። ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ ምኑን እደብቃለሁ?

«የገባኝን ልንገርህ?» አሉ። «አንዱ ጋሻ ሊሠራ ነው ሲባል ያኛው ጎረቤቱ ይሰማል። ሲሰማ ምን ያደርጋል? እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? ወላሂ አይቀመጥም። እንደኔ ነው የሚያደርገው። ሳይደርሱብኝ ልቅደም ይላል፤ ያልደረሰውን ይለቅማል። እኔ የለቀምኩት ቡና ነው። እነሱ የሚለቅሙት ምንድን ነው?»

ጅማ አዳራሽ ውስጥ ቶሎ ብዬ ያለፍኩት ነገር፣ ሁለቱ መንግሥታት ለምን ጋሻቸውን ለመገደብ እንደተፈራረሙ፣ በርጩማ ላይ በተቀመጡ ማንበብ በማይችሉ ሰው አፍ ተነገረኝ። «ምንድን ነው?» ብለው ደገሙልኝ፤ የምር ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለ አቶም ቦምብ፣ አንዱ ብቻ ከተማ እንደሚያጠፋ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘይነብ በቆሎ ጠብሰው አመጡና፣ «ብሉ፣ ብሉ፣ ይህ ወሬ ይቅር» አሉ። በቆሎው አዲስ አበባ መንገድ ዳር እንደምንበላው የደረቀ አይደለም፤ ወተቱ ይፈስሳል። ሻፊ ግንባሩ ላይ የበቀለውን እብጠት እያሳየ ሲያጉረመርም እንደገና ሳቅን።

አምስተኛ ቀን፤ መመለሻ

ላንድሮቨሩ ከረፋዱ በፊት ስለሚነሣ በጠዋት ተሰናበትን። እትዬ ዘይነብ ማርና ቅቤ ጭነውልኝ፣ «ሁለተኛ ስትመጣ ተርጓሚ ይዘህ ና» ብለው ሳቁብኝ። ሚስቴና ልጆቼ ባይጠብቁኝ ኖሮ እዚያው በቀረሁ።

አባ መጫ ከቤቱ በላይ ባለው ማሳ በኩል ሸኙን። ያልተለቀመው ቡና ይህ ነው፤ ቅርንጫፉ በአረንጓዴ ፍሬ ጎብጧል፤ አልፎ አልፎ አንዳንዷ ብቻ ቢጫ መምሰል ጀምራለች። ሻፊና ጎረቤቶቹ ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ ጠርዙ ላይ ተቀምጠዋል። ለምን እንደተቀመጡ ገባኝ፤ አባ መጫ የሚሉትን እየጠበቁ ነው።

አባ መጫ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ የአዲስ አበባ ሰው ነህ። ጋዜጣ ቤት ነህ፣ ወሬ ቀድሞ ያንተ ጆሮ ይገባል። የሰማዩ ጋሻ አይመለከተኝም። የመሬቱ ጋሻ አይመጣም በለኝና ማልልኝ። በቃ፣ ያንን ብቻ።»

ልምል አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያውቃል፣ መማል ፈልጌ ነበር። ሁለት ቀን ያጎረሱኝ ሰው፣ በእኔ ቃል የአባታቸውን ቡና ያጡ ሰው፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው የለመኑኝ። ግን ቀላድ ስንት አገር እንደዞረ፣ የስንቱ ሰው መሬት ትርፍ ተብሎ እንደሄደ አውቃለሁ፤ ነገ እዚህ አይደርስም ብዬ በምን አፌ ልማል?

«አባ መጫ፣ አልችልም» አልኩ። «አላውቅም።»

እሳቸው አልተቆጡም። ክንዴን እንደያዙ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እኔ በልቤ ልቀሙ ሊሉ ነው ብዬ ነበር፤ ቢሉም አልፈርድባቸውም።

«ሃ ዲመቱ» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ከዚያ ለኔ በአማርኛ፣ «ይቅላ። ቢመጡም ቀልቶ ያግኙት» አሉ።

ሻፊ ቅርጫቱን ከወገቡ ፈታ።